የግድግዳ አንበሶች፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሀላባ ቁሊቶ የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ እስከ ባቱ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በአውቶቡስ ያለፈ ሰው የሀላባን ቤቶች በመስኮት ያውቃቸዋል። የሣር ክዳን የደፉ ክብ ጎጆዎች ሲሆኑ፣ በጭቃ በተለሰነው ግድግዳቸው ላይ አንበሳ፣ ወፍ፣ ዛፍና በልዩ ልዩ ቀለም የተጠላለፈ ሐረግ ተሥሎባቸዋል። አውቶቡሱ ስለማይቆም ግን በዓይን የሚቀረው የቀለም ብልጭታ ብቻ ነው። እኔም ወደ አርባ ምንጭ ስመላለስ ከዚያ የተሻለ አላየሁም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከአንድ ሠዓሊ ወዳጄ ጋር፣ በእርሱ አሮጌ ኮሮላ፣ ሀላባን መድረሻችን አድርገን፣ በመንገዳችንም ሰው ግድግዳ ላይ የሣለውን አውሬ ሁሉ እየቆምን ለማየት ተነሣን።

ከቃሊቲ ወጥተን የክፍያ መንገዱን ስንይዝ ወሬያችን ገና ወደ ተውነው ከተማ ያዘነበለ ነበር። በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ግራጫ ተቀብተዋል። ወዳጄ ይህ ዓይን ያሳርፋል ባይ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰፈርን ከሰፈር የምለይበት ምልክት ጠፍቶብኛል ባይ ነኝ። ክርክሩ ሳይቋጭ ዝቋላ በስተቀኛችን ብቅ አለ።

ስለ አንበሳ ሥዕል እያወሩ ዝቋላን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በተራራው አናት ያለው ገዳም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሲሆን፣ ጻድቁ በሥዕላቸው መላ አካላቸውን ጠጉር ሸፍኖት፣ አንበሶችና ነብሮች በግራና በቀኝ አጅበዋቸው ይታያሉ፤ ቁጥራቸውም 60 አንበሳና 60 ነብር እንደሆነ ይነገራል። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደግን ብዙዎቻችን አንበሳን መጀመሪያ ያየነው በዚያ ሥዕል ነው። ያ አንበሳ ለጻድቅ የተገዛ ስለሆነ አይቆጣም፤ ምላሱን እንኳ አያወጣም። በቀጣዮቹ ቀናት ያገኘናቸው አንበሶች ጠባያቸው ለየቅል መሆኑን ያስተዋልነው ከእርሱ ጋር እያስተያየን ነው።

ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ ፈጣን መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል፤ በአንጻሩ በአሮጌው መንገድ ዳር ይሸጥ የነበረውን ቲማቲምና ሽንኩርት ነጥቆናል። ባቱ ላይ ቤንዚን ሞላን። በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም የገባበት ሰሞን ስለነበር ወዳጄ የማደያውን ቆጣሪ ላለማየት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ምሳችን የተጠበሰ ቆሮሶ ነበር፤ ለሁለት ሰው የሚበቃው 600 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ ያኔ በዚህ ዋጋ ይቀርብ የነበረው አሳ ከማቀዝቀዣ የወጣ መሆኑን ምላስ ወዲያው ያውቃል፤ የባቱው ግን እሾሁ እንኳ የሚላስ ነበር።

ከላንጋኖ እስከ አርሲ ነገሌ፣ በዚያው ቀን

አብያታና ሻላን በስተቀኝ እየተውን ሄድን። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን የተኙ ቢሆኑም መንትዮች አይደሉም። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን፣ አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለውና ከዓመት ዓመት የሸሸ ነው፤ ወደ እርሱ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ከመጠለፉ ሌላ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ ከራሱ ሲቀዳ ኖሯል። በብሔራዊ ፓርኩ በር ላይ ሰጎኖች ሲንጎራደዱ ዓይተን አለፍን፤ ከበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወዲያ ደግሞ የግራር ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገዱን ይዞ ተደርድሯል።

የፈለግነው የአርሲ ኦሮሞዎችን መቃብር ነበር። ከላንጋኖ አንሥቶ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በእርሻና በግጦሽ መካከል፣ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የታጠሩ መቃብሮች ይታያሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በውጭ በኩል ሥዕል አላቸው። አንዱ ጋ መኪናውን አቆምን። በአራቱም ጎን ተሥሏል፦ በፈረስ ላይ ያለ ጦረኛ፣ ጦርና ጋሻ፣ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች፣ ከኋላ ደግሞ ጦር የተሰካበት አንበሳ። ከራስጌው ጨረቃና ኮከብ አለ። የዝቋላው አንበሳ ጻድቁን ያጅባል፤ የአርሲው ግን ለሟቹ ጀግንነት ምስክር ሆኖ የቆመ ነው። ቀድሞ ጎሽ፣ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚያገኘው ክብር ታላቅ ስለነበር፣ አውሬው በመቃብሩ ላይ መሣሉ የሕይወት ታሪኩን እንደመጻፍ ነው። ሟቹ በእርግጥ አንበሳ ገድሎ ይሁን ወይም ቤተሰቡ ለክብሩ ያሣለለት ይሁን ከሥዕሉ መለየት አይቻልም፤ ለነገሩ ከመታሰቢያ ሥዕል ይህን መጠየቅም ተገቢ አይመስለኝም።

ፎቶ ከማንሣታችን በፊት ከብት የሚያግድ ልጅ ሮጦ ሄዶ አንድ ጎልማሳ ይዞ መጣ። የሟቹ የወንድም ልጅ ነበሩ። በመጀመሪያ መሬት ልንለካ የመጣን መስሏቸው ፊታቸው ጨልሞ ነበር፤ ሥዕሉን ፈልገን መሆኑን በተሰባበረ ኦሮምኛ ካስረዳን በኋላ ግን ራሳቸው ከጎን ወደ ጎን እየመሩ አሳዩን። 200 ብር ብንዘረጋላቸው አልተቀበሉም። ይልቁንም ዝናብ ያሳሳውን የፈረሰኛውን ፊት በደንብ አንሥተን ሥዕሉ ሲታደስ እንዲያገለግል በቴሌግራም እንድንልክላቸው ጠየቁ። ወዳጄ እዚያው ቆሞ ላከላቸው።

በአርሲ ነገሌ አረቄ የሚሸጡትን ቤቶች፣ ሹፌሩ ሹፌር ስለሆነና እኔም ላዝንለት ስለሚገባኝ፣ ሳንገባባቸው አልፈን በመሸ ሰዓት ሻሸመኔ ገባን። አልጋው 700 ብር ሲሆን ሙቅ ውኃ ግን እንደተነገረን አልነበረም።

ሻሸመኔና ሰንቀሌ፣ ጥር 14 ቀን

በማለዳ ጃማይካ ሰፈር ሄድን። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከአፍሪካ ውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ከሰጡት 200 ሄክታር ገደማ መሬት ዛሬ በነዋሪዎቹ እጅ የቀረው ጥቂት ነው፤ አጥሮቹና በሮቹ ግን አሁንም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው። እዚህ ያለው አንበሳ ዘውድ ደፍቶ፣ በፊት እግሩ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የሚራመደው የይሁዳ አንበሳ ነው። ወዳጄ እንደ ሠዓሊ ሲመዝነው ብዙም አልወደደውም፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የተገለበጠ ነው አለ። እኔ ግን በአንድ የቆርቆሮ አጥር ላይ የተሣለውን ወደድኩት፤ ሠዓሊው ከአንበሳው ጀርባ የአካባቢውን ግራርና ጋሪ የሚጎትቱ ሁለት አህዮች ጨምሮበታል። የሻሸመኔን አህያ ከንጉሠ ነገሥት ዓርማ ጋር በአንድ አጥር ላይ ያዋለ ሰው የመጣበትንም የሚኖርበትንም አገር አልዘነጋም።

ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ አጄ ከተማ ደርሰን ወደ ሰንቀሌ ተገነጠልን። ሰንቀሌ የስዋይን ቆርኬ የተባለው የዱር እንስሳ መጠለያ ነው። ይህ ቆርኬ ቀድሞ በሶማሌ ሜዳዎችም በትላልቅ መንጋ የሚታይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከብቱን የፈጀው፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉትን ረኀብ ያስከተለው የደስታ በሽታ ቆርኬውንም አልማረውም፤ የተረፈውን አደንና እርሻ አሳሳው። አሁን በደህና ቁጥር የሚገኘው እዚህና በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ወደ መጠለያው የሚያስገባው የጠጠር መንገድ ላይ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከተፈታ ስንት ጊዜ እንደሆነው እንጃ፣ እርሱም ነፋስ አልነበረውም። ወዳጄ ጎማውን በሞተር ሳይክል አስጭኖ ወደ አጄ ሲመለስ፣ እኔ ከመኪናው ጋር ቀርቼ በሣሩ ላይ የሚያልፉ ከርከሮዎችን ስቆጥር ቆየሁ። ጎሚስታው 250 ብር፣ ሞተረኛው ደርሶ መልስ 400 ብር ወሰዱ። ከቀትር በኋላ ገብተን ከአንድ የመጠለያው ጠባቂ ስካውት ጋር በእግር ሄድን። ቆርኬዎቹ ረጅም ፊት ያላቸው፣ ትከሻቸው ከፍ ብሎ ጀርባቸው ወደ ኋላ የሚያሽቆለቁል፣ ቀይ ዳማ እንስሳት ናቸው፤ ጭናቸው ላይ በጥላሸት የተዳሰሰ የሚመስል ጥቁር ቀለም አለ። አንዲቱ በምስጥ ኩይሳ ላይ ወጥታ ትጠብቅ ነበር። በሜዳው ዳርቻ ሁሉ የገበሬ ቤትና የበቆሎ አገዳ ይታያል፤ ስካውቱ በበጋ ትልቁ ሥራቸው ለግጦሽ የሚገባውን ከብት መመለስ እንደሆነ ነገረን።

ሀላባ ቁሊቶ፣ ጥር 15 ቀን

ማታ ጨልሞ ስለገባን ከተማዋን ያየናት በማግስቱ ነው። ሀላባ ልዩ ወረዳ ሆና ከቆየች በኋላ በ2011 ዓ.ም. ዞን ሆናለች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናት። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ቋንቋው ሀላብኛ ለከምባትኛ ቅርብ ነው። የመንገዱ ንጉሥ ባጃጅ ነው፤ በከተማ ውስጥ ያኔ ለአንድ ሰው 10 ብር ያስከፍል ነበር።

በገበያው ላይ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። አንዱ በርበሬው ነው፦ በመሬት ላይ እንደ ቀይ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ወደ መሃሉ የገባውን እንግዳ በማስነጠስ ይቀበላል። ዛላው በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ከምንገዛበት በኪሎ 100 ብር ያህል ይረክስ ነበር። ሌላው የወንዶቹ ባርኔጣ ነው። ከሣር የተሠፋ፣ ወደ ላይ የሾለ፣ ባለቤቱን ከሕዝቡ መካከል ከሩቅ የሚለይ ረጅም ባርኔጣ ሲሆን፣ 350 ብር ተብለን በ300 ገዛን። የቁሊቶ ኤ ቲ ኤሞች በዚያ ቀን ኔትወርክ ስላልነበራቸው ጥሬ ገንዘባችን ተመናምኖ ምሳ የከፈልነው በቴሌብር ነው።

ሰዎች ጠይቀን ቤት የሚሥል አንድ ወጣት አገኘን። ከእርሻ ሥራ ጎን ለጎን ይሥላል፤ መከር ገብቶ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖረውና ሰርግ ሲበዛ ሥራው ይደራል። አንድን ጎጆ ከውጭ ለመሣል ቀለሙን ባለቤቱ ችሎ ያኔ 3,000 ብር ይቀበል ነበር። ስለ አሠራሩ የነገረን በአጭሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ይለሰንና ይደርቃል፤ ከዚያ ይበልጥ የላመ ሁለተኛ ልስን ይመጣል፤ ይህ ካልለሰለሰ ቡሩሹ እየዘለለ መስመሩ ይሰባበራል። ንድፉ በከሰል ይወጣል። መደቡ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ቀይ አፈር ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ከሱቅ የሚገዛ ነው። የክብ ቤት ግድግዳ ማዕዘን ስለሌለው፣ ሠዓሊው ሐረጉን ከበሩ ግራ መቃን ጀምሮ ዞሮ ቀኝ መቃን ላይ ሲደርስ ልኩ እንዲገጥም አስቀድሞ በገመድ ያካፍለዋል። ወዳጄ በትምህርት ቤት ዓመታት የፈጀበትን ነገር ይህ ልጅ በገመድ ሲፈታው አይቶ ዝም አለ።

ከዚያ ስለ አንበሳው ጠየቅነው። የሀላባ አንበሶች አንድ የሚያስገርም ነገር አላቸው፦ ፊታቸውና ጎፈራቸው ጠጉር በጠጉር በጥንቃቄ የተሠራ ሲሆን፣ ገላቸው ግን የወይፈን ነው። ልጁ ሳቀና ከኪሱ አንድ ብር ሳንቲም አወጣ። በሳንቲሙ ላይ ያለው የአንበሳ ራስ ብቻ ነው፤ ራሱን ከዚያ ተምሯል፣ ገላውን ግን ከደጁ ካለው ከብት ወስዷል። አንበሳ አይቶ አያውቅም፤ አባቱም አላዩም።

«ቆርኬስ ለምን አትሥልም? ሰንቀሌ እኮ ቅርብ ነው» አለው ወዳጄ።

«ማን አዞኝ፣ ጋሼ! ሰው የሚያዘው አንበሳ ነው። ቆርኬም ቢሆን አላየሁም» አለ።

ቅር እንዳለው አስተውዬ ትናንት ያነሣሁትን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ በሁለት ጣቱ እያሰፋ ቀንዱን መረመረ፤ ከዚያም ከቤቱ ጓሮ ባልተቀባ ግድግዳ ላይ በከሰል ጀመረ። የጀርባውን ማሽቆልቆል በአንድ መስመር አገኘው። ቀንዱ ግን ሦስት ጊዜ ተሠርዞ ተሠራ፤ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውጭ ጠመም ብሎ ከዚያም ወደ ኋላ የሚሰበረው ቀንድ እጁ ከለመደው የበሬ ቀንድ ጋር ተጣላበት። ሲጨርስ ታናሽ እህቱ መጥታ አየችና «ይህች ላም ታማለች እንዴ?» አለች። ከሁላችንም አብልጦ የሳቀው ራሱ ወጣቱ ሠዓሊ ነበር።

ከቁሊቶ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ጥር 16 ቀን

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ከጁምዓ ሶላት በፊት እንዳንዘገይ በማለዳ በወጣቱ ሠዓሊ መሪነት ወደ ገጠር ወጣን። የገባንበት ቤት ባለቤት ሀጂ ነበሩ። ከበሩ ላይ ቆመን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለን ጫማችንን አወለቅን። ውስጡ ከውጩ ይበልጣል። ቤቱ በመሃል በእንጨት ርብራብ ተከፍሎ በአንዱ ወገን ላምና ጥጃ፣ በሌላው ቤተሰቡ ይኖራል፤ ግድግዳው ዙሪያውን ከወለሉ እስከ ክዳኑ ተሥሏል። የውጩን የሣለው መሪያችን ወጣት ቢሆንም የውስጡን የሠሩት የሀጂ ባለቤት ናቸው። በእርሳቸው በኩል አንበሳ የለም። ወፎች፣ የቡና ቅርንጫፍ፣ ጥጃ የምታጠባ ላም፣ ከበላያቸው ደግሞ የሚወርድ ወንዝ የመሰለ ሰማያዊ መስመር አለ። ቢላቴ መሆኑን ጠየቅናቸው።

«አዎን፣ ቢላቴ ነው። በጋ ሲሆን እዚህ ይበዛል፣ እዚያ ያንሳል» አሉና ሳቁ።

የበቆሎ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ፣ አይብና ጨው የገባበት ቡና ቀረበልን። ስኳር የለመደ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒ በትዕግሥት ይጠጣል፤ ሦስተኛውን ራሱ ይጠይቃል። ሀጂ እየተጫወቱ ሳለ፣ ነፍስ ያለውን ፍጡር መሣል በሃይማኖት አይደገፍም የሚሉ ሰዎች በመኖራቸው አንዳንድ አዲስ ቤቶች ሐረግና አበባ ብቻ እንደሚያሠሩ ነገሩን። እርሳቸው ምን እንደሚያስቡ ጠየቅናቸው። የውጩ አንበሳ የተሣለው ለልጃቸው ሰርግ እንደሆነና ሙሽራዪቱ ወድዳው እንደነበር ብቻ መለሱልን።

ከደጁ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ሌላም ለውጥ አለ። ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ ከጎጆው አጠገብ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ሣር መግዛትና በየጊዜው መክደን ከቆርቆሮ ይልቅ ውድ እየሆነ ነው። ብዙ ጎብኚ ይህን የባህል መሞት አድርጎ ያዝንበታል። ወዳጄ ግን በዚያው ቀበሌ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች አገኘ፤ የጭቃ ግድግዳቸው ከጎጆዎቹ ባላነሰ ተሥሏል፤ እንዲያውም ግድግዳው ቀጥ ያለ በመሆኑ በአንደኛው ላይ አንበሳው ሙሉ ገላውን ዘርግቶ ተኝቷል። ሠዓሊው አራት ማዕዘኑን ይመርጣል፤ ገመድ አያስፈልገውም። እኔም ከሣሩ ይልቅ የምሰጋው ለብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን እንደ እኛ ከተማ በአንድ ቀለም ቀብቶ ይተወዋል።

ስንወጣ ለሀጂ ባለቤት 500 ብር በልጃቸው እጅ ሰጠን፤ እርሳቸው ደግሞ አንድ ኪሎ የሚሆን በርበሬ በፌስታል ጠቅልለው መኪናው ውስጥ አስገቡ።

መመለሻና ለሚሄድ ሰው፣ ጥር 17 ቀን

በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ ከሻሸመኔ መውጫ የጭነት መኪና ሰልፍ ካቆመን በቀር የሚወራ ነገር አልነበረም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የማውቀውን ልጨምር። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ክረምቱ ያጠበው ግድግዳ ከመከር በኋላ ስለሚታደስ ቀለሙ ትኩስ ሆኖ ይገኛል። የሀላባ የዘመን መለወጫ የሆነው የሴራ በዓል የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ጉዞውን ከእርሱ ጋር ማገጣጠም ደግሞ ባርኔጣውንም ፈረሱንም በአንድ ላይ ያሳያል። ወደ ሰው ቤት የሚገባው ከአካባቢው ሰው ጋር ነው፤ ክፍያው በመግቢያ ሳይሆን በመውጫ፣ ለቤቱ እመቤት ቢሰጥ ይመረጣል። ሥዕሉን ለራሱ ግድግዳ የወደደ ሰው ፎቶ ብቻ ይዞ ከሚመለስ ሠዓሊውን ቢያዝዝ ያዋጣል፤ ወዳጄ የመጓጓዣና የአልጋ ወጪውን ችሎ ለሚያዝያ ቀጥሮት ነበር፣ አንበሳውም ቆርኬውም በዋጋው ውስጥ ነበሩ። ጥሬ ገንዘብ ከሻሸመኔ ይያዝ፤ ወደ ሰንቀሌ ከመገንጠልዎ በፊት ደግሞ የትርፍ ጎማውን ነፋስ አጄ ላይ ያስለኩ።